ከነጠላው ሥር

ሰው እያየኝ መብላት አልችልም። ያደግሁት ደሴ ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሳህኔን ይዤ ጓዳ እገባ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስገባም ካፌው ውስጥ ግድግዳ ጥግ ያለችውን ወንበር አራት ዓመት ሙሉ ከማንም ቀድሜ እይዛት ነበር፤ ፊቴ ወደ ግድግዳው። ጓደኞቼ «ከግድግዳው ጋር ታጭተሻል እንዴ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቆቦ ላይ የሠራሁትን ስሕተት ማንም ቢሠራው እኔ ልሠራው የማይገባኝ ስለነበር ነው።

ቆቦ የተመደብኩት ዝናቡ በተመለሰበት ዓመት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ዋጃ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፣ ከድርቁ የተረፉ ሕፃናት የሚያገግሙበት መጠለያ ነበር። በዙሪያው ያለው ማሽላ የሰው ቁመት አልፎ ነበር። መንገደኛው «ተመስገን፣ ራያ ጠገበ» እያለ ያልፋል። መጠለያው ውስጥ ግን ሰውነታቸው ሞላ ብሎ፣ ዓይናቸው አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ የሚውሉ ልጆች ነበሩ። የእኔ ሥራ እነሱን ማየት ነበር። ሥጋቸው ሲመለስ መንፈሳቸውም አብሮ መመለስ አለመመለሱን መመርመር፣ ያልተመለሰለትን ደግሞ መርዳት።

ለዚህ ከትምህርቴ ያዘጋጀሁት ቅጽ ነበረኝ። ስሙ ሲጠራ ይዞራል? ከሌሎች ልጆች ጋር ይጫወታል? የሚቀርበው ሰው ሲለየው ያለቅሳል? ምግብ ሲሰጠው ተቀብሎ ይበላል? እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ኃላፊያችን በድሬሰርነት፣ ቁስል እያጠቡና መርፌ እየወጉ፣ ብዙ ዘመን የሠሩ ሰው ነበሩ። ቅጹን መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ አነበቡና፣

«ሲስተር፣ በእኛ ጊዜ ልጅ አለቀሰ ማለት ዳነ ማለት ነበር። ይኼን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል?» አሉኝ።

አፈርኩ። ቅጹን ግን አልተውኩም።

መጠለያው አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረው። ልጆቹ የሚበሉት ሜዳው ላይ በረድፍ ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው በየኩባያቸው ነው። መሸፈን አይፈቀድም። ማን ምን ያህል እንደበላ መታየት አለበት። ደንቡን እኔ አላወጣሁትም፤ ወድጄው ግን ነበር። በእኛም ቤት እናቴ ታናሽ ወንድሜን ስታበላ በነጠላዋ ትጋርደው እንደነበር አውቃለሁ። ያንን «ጎጂ ልማድ» ከሚባሉት ነገሮች ጋር አንድ ላይ ጠቅልዬ ደሴ ትቼው መጥቻለሁ ብዬ አስብ ነበር።

ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ ከዋጃ በታች ካለ መንደር አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣች። ልጅቱ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። እናትየው አጥሚቱን ስትቀበል ከረድፉ ዞር ብላ፣ ልጇን አረንጓዴ ጥለት ባለው ነጠላዋ ውስጥ አስገብታ ማብላት ጀመረች። ሄድኩና የነጠላውን ጫፍ በእጄ ገለጥኩት።

«ሀኪሜ፣ የሰው ዓይን አለ» አለችኝ ቀስ ብላ።

«እዚህ ዓይን የለም። እዚህ ያለው ሚዛን ነው» አልኳት።

ንግግሬ ቆንጆ መስሎኝ ነበር። ልጅቱ ኩባያውን ከአፏ አነሣች፤ ደግማም አልጠጣችም። እናትየው ነጠላዋን ሰበሰበችና አንገቷን ደፋች። ከዘጠኝ ቀን በኋላ እናትየው ትኩሳት ይዟት ሞተች፤ ልጅቱን ፈልጎ የመጣ ዘመድም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ልጅቱ በረድፉ መካከል ተቀምጣ ኩባያዋን በሁለት እጇ ይዛ ትውላለች። አትጠጣም፤ አትናገርም፤ ሲጠሯትም አትዞርም። በየቀኑ ፊት ለፊቷ በርጩማ ላይ እቀመጥና ብዕሬን ይዤ እጠብቃለሁ። በየቀኑም በቅጹ ላይ ያለው መልስ ሁሉ «የለም» ነው። መዝገቡም ላይ «ምግብ እምቢ አለች» ተብሎ ይጻፋል።

አንድ ቀን ኃላፊያችን ጠሩኝ። ሐሙስ ከአውራጃው ሰዎች ይመጣሉ፤ ዘመድ የሌላቸውና የማይሻላቸው ልጆች ስም ዝርዝር ይፈልጋሉ። ዝርዝሩ ላይ ያሉት በመኪና ተጭነው በጣም ሩቅ ወደሆነ ማሳደጊያ ይሄዳሉ።

«ያቺ ዲዳዋ ዝርዝሩ ላይ ናት» አሉኝ። «የአንቺ ቅጽ ነው የሚለው። እኔ አይደለሁም።»

እውነት ነበር። ቅጹ በእጄ ጽሕፈት የተሞላ ነው። የሚያውቃት ሰው፣ የምታውቀው ተራራ በሌለበት አገር ልትጣል ነው፤ የላኳትም እኔ ነኝ።

ሰኞ ልጆቹ የሚመዘኑበት ቀን ነው። ልጅቱን መንጠልጠያው ላይ አድርጌ ቁጥሩን ሳይ ዓይኔን አላመንኩም። ካለፈው ሳምንት ጨምራለች። ምንም የማትበላ ልጅ።

«ሚዛኑ ተበላሽቶ ነው» አሉ ኃላፊው ከጠረጴዛቸው ሳይነሡ።

ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልቼ አንጠለጠልኩ። ሚዛኑ አምስት ኪሎና የጀሪካኑን ያህል ትንሽ ትርፍ አሳየ። ውኃውን ደፍቼ እንደገና ሞላሁና መዘንኩ፤ ያው ነው። ሚዛኑ አልዋሸም። እንግዲያው የዋሸው የእኔ ቅጽ ነው ማለት ነው።

በማግስቱ በርጩማዬ ላይ አልተቀመጥኩም። እህል ከሚቀመጥበት ድንኳን ጎን ቆሜ ከሩቅ ተመለከትኩ። ምሳ ተነሥቶ ሌሎቹ ልጆች ሲበተኑ፣ ልጅቱ ኩባያዋን እንደያዘች ተነሣችና ማንንም ሳታይ ወደ ማብሰያ ቤቱ ጀርባ ሄደች። ተከተልኳት።

የመጠለያው አብሳይ መሬት ላይ ተቀምጣለች። የቆቦ ልጅ፣ ራያ፣ አርባውን የተሻገረች፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታ ወደ ዞብል ተራራ አሻግራ ትመለከታለች። አጠገቧ ነጠላ የተከናነበ ትንሽ ጉብታ አለ። የነጠላው ጥለት አረንጓዴ ነው። ከነጠላው ሥር አንድ ትንሽ እጅ ወጣ፤ ከሴትዮዋ ጉልበት ላይ አጥሚት የነካ የማሽላ ቂጣ ቆረሰና ተመለሰ።

«...ጅቡ እንግዲህ ፍየሏን በሩ ላይ አገኛት» ትላለች ሴትዮዋ፣ ለተራራው የምትተርክ ይመስል።

«ከዚያስ?» አለ ከነጠላው ሥር።

ያንን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም። ሴትዮዋ ትቀጥላለች፣ ነጠላው «ከዚያስ?» ይላል፤ እጁ ይወጣል፣ ይቆርሳል፣ ይመለሳል። ቂጣው እስኪያልቅ ቆምኩ።

ልጅቱ ከሄደች በኋላ አብሳይዋ ዞር ስትል አየችኝና ደነገጠች። ከረድፍ ውጪ ማብላት ክልክል ነው።

«በይ እንግዲህ፣ አስባርሪኛ» አለችኝ፣ ድንጋጤዋን በቁጣ ሸፍና።

«እትዬ፣ እኔ ለዚያ አልመጣሁም። ሁሉም ዲዳ ናት ይላል...»

«ዲዳስ አይደለችም! እናንተ ናችሁ ዓይናችሁን የማትነቅሉላት። ወላሂ፣ እኔንም እንዲያ አፍ አፌን እያየ የሚጽፍ ሰው ቢቀመጥብኝ በጠገበ አገር በረሃብ እሞታለሁ!»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ዕንባዬ። የካፌዋ ወንበር ትዝ አለችኝ። እኔ አራት ዓመት ግድግዳ ፍለጋ ስንከራተት፣ ይህች ልጅ የነበራትን አንድ ግድግዳ ገፍፌ የጣልኩባት በገዛ እጄ ነው።

«ነጠላው የእናቷ ነው?» አልኳት።

«ይቃጠል ብለው ነበር። በፈላ ውኃ አጥቤ አስቀረሁት።» ድምጿ ዝቅ አለ። «ሦስት ወልጄ ሦስቱንም አፈር አለበስኩ። እሷ እናት የላት፣ እኔ ልጅ የለኝ። ባሳድጋት ደስታዬ ነበር። ግን ለማን እናገራለሁ? አብሳይ ነኝ።»

«ለእኔ ተናገሩ። ከቀበሌዎ ወረቀት ማግኘት ይችላሉ?»

«ወረቀቱስ በአንድ ቀን ይገኛል። ልጅቱን በሐሙስ መኪና ልትጭኗት አይደል?»

ቀጥ ብዬ ወደ ቢሮ ሄድኩ። በሕይወቴ እንዲያ በፍጥነት ሄጄ አላውቅም፤ ከቆምኩ ድፍረቴ እንደሚጠፋ አውቅ ነበርና። ኃላፊው ሰምተውኝ ሲያበቁ፣

«እንዲያው የቡዳ ወሬ በሪፖርት ይጻፍ ትያለሽ?» አሉ።

«ቡዳ ብዬ አልጽፍም። ሲያዩዋት አትበላም፣ ሳያዩዋት ትበላለች ብዬ ነው የምጽፈው።»

«ሳያዩዋት መብላቷን ማን አየ?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። «ሐሙስ አሳያችኋለሁ» አልኩ። ቃሌ ወጣ።

ሐሙስ ሦስት ሰዎች መጡ። አንደኛው ወፈር ያለ፣ ቦርሳውን ከእቅፉ የማያወርድ ሰው ነበር። የምናገረውን ሌሊቱን ሳጠና አድሬ በወረቀት ጽፌው ነበር። ሜዳው ላይ ፊቴን ወደ እነሱ ሳዞር ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

«ጓዶች፣ ይቅርታ አድርጉልኝ... ጀርባችሁን አዙሩልኝ።»

«ምን አልሽ?» አለ ወፍራሙ።

«ወደ ዞብል ዙሩ። ሁላችሁም። እባካችሁ።»

ተያዩ። ኃላፊያችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ያሳፍሩኛል ብዬ ስጠብቅ መጀመሪያ የዞሩት እሳቸው ሆኑ። የቀሩትም ዞሩ። እኔም ዞርኩ። አምስት ሰዎች ተራራ እያየን ቆምን። ከኋላችን አብሳይዋና ልጅቱ ተቀመጡ፤ ነጠላው ሲዘረጋ ሰማሁት። ከዚያ ዝምታ። በጎዳናው ወደ ሮቢት የሚወርድ የጭነት መኪና አለፈ። እንደገና ዝምታ።

«ሄዱ?» አለ ትንሹ ድምፅ።

«አልሄዱም። ዞረዋል» አለች አብሳይዋ።

ኩባያ ሲጠጣ ተሰማ። ከዚያ፣

«ወፍራሙ እያየ ነው።»

ሰውየው እውነትም አንገቱን ጠምዝዞ ነበር። ኃላፊያችን በሳቅ ፈነዱ። ወፍራሙ ሰውዬ ቦርሳውን ፊቱ ላይ ከልሎ፣ «ጨፍኛለሁ! ጨፍኛለሁ፣ ልጄ፣ ብዪ!» አለ። እሷም ቀጠለች። ጅቡና ፍየሏም ቀጠሉ። «ከዚያስ?» የሚለውን ሁላችንም ሰማን።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፤ እሱ ከበደኝ። እንግዶቹ ልጅቱ መናገሯን ሰምተዋል፤ አብሳይዋን የእኔ ሰው ብላ መያዟን ግን አላዩም። ከአብሳይዋ ጋር እንደተስማማነው ሳልዞር «እትዬ፣ ድስቱን እዩት» አልኩ። ተነሥታ ወደ ማብሰያ ቤቱ ሄደች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ ስትሄድ ሰማሁ። ከኋላችን አንድ ጩኸት ተነሣ፤ ኩባያ ወደቀ። ዞርን። ልጅቱ ነጠላውን ጥላ፣ አምስት ሰው እያያት ወጥታ፣ «እንዳትሄጂ!» እያለች ትሮጣለች። አብሳይዋ ተንበርክካ ተቀበለቻት። ሁለቱም ያለቅሱ ነበር።

«ይኼን ጻፊው እንጂ» አለኝ ወፍራሙ ሰውዬ።

እጄ ባዶ ነበር። ብዕሬን አስቤበት ቢሮ ትቼው ነው የወጣሁት።

ስሟ ከዝርዝሩ ተሰረዘ። ቀበሌው ወረቀቱን ሰጠ። እኔ በየሳምንቱ እየሄድኩ እንዳያት፣ ልጅቱ ከአብሳይዋ ጋር እንድትኖር ተፈቀደ። በዚያው ሰሞን ደንቡን ለማስለወጥ ተሟገትኩ። ኃላፊያችን «መጠኑንስ በምን እናውቃለን?» ሲሉኝ፣ «ኩባያው ውስጥ የተረፈውን እንለካለን፤ አፋቸውን ማየት አያስፈልገንም» አልኳቸው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ከመጀመሪያው አለማሰቤ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። የዚያች እናት ነጠላ ጫፍ ጣቶቼ ላይ አለ፤ ይቅርታ ልጠይቃት የምችልበት ቀን አልፏል። ቅጼን እንደገና ጻፍኩት። ስለ ምግብ የሚጠይቀውን መስመር ሰርዤ፣ «ከማን ጋር ሲሆን ይበላል? እንዴት ሲሆን?» ብዬ ተካሁበት። እናቶቹም ነጠላቸውን መለሱ።

ለመጀመሪያ ጊዜ እቤታቸው የሄድኩ ቀን አብሳይዋ ሳህን ሞልታ ፊቴ አስቀመጠች። «አልራበኝም» አልኩ፣ እንደ ልማዴ።

«ውሸቷን ነው፣ አፍራ ነው» አለች ሴትዮዋ ለልጅቱ።

ልጅቱ ትንሽ አየችኝ። ከዚያም የተቀመጠችበትን በርጩማ ጎተት አድርጋ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች። አብሳይዋንም ቀሚሷን ይዛ ጎተተቻት። ሴትዮዋም እየሳቀች ዞረች።

ሁለቱ ጀርባቸውን ሰጡኝ። በላሁ።