ከአስር ሰባት ተኩል

ታላቅ እህቴ በምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ስሟን የሚጠራት የለም። «ሚሊ» ነው የሚሏት፣ ሚሊሜትር ለማለት። ሌሎቹ ሰፊዎች ሜትራቸውን ዘርግተው «ስልሳ ሁለት ገደማ» ሲሉ እሷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ታይና «ስልሳ አንድ ከስምንት ሚሊ» ትላለች። ይለካል። ስልሳ አንድ ከስምንት ሆኖ ያርፈዋል። «ይቺ ሴትዮ ሜትር ውጣ ነው እንጂ ጤና አይደለም» ይሏታል። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ያቃታቸው ሁሉ ወደ እሷ ነበር የሚመጡት።

አንድ ልብስ ሲያልቅ ለባለቤቱ ከመስጠቷ በፊት ገልብጣ ታየዋለች። «ከውጭማ ካውያ ሁሉን ያሳምራል» ትላለች። «ጉዱ ያለው ከውስጥ ነው።»

እኔ እትዬ ነው የምላት። እናታችን ስትሞት የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አጥባ፣ አልብሳ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስጨረሰችኝ እሷ ናት። ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔ፣ ሦስት ዓመት የሆናት ልጄና እትዬ ነን።

ራስ ምታቱ ሲጀምራት ግንባሯን በቁራጭ ጨርቅ አስራ ትሠራ ነበር። ቆይቶ ማስመለስ መጣ። ከዚያ አንድ ቀን ልጄን እያለበሰች «ጎንበስ ስል ዓይኔ ላይ ግራጫ ጨርቅ ይጣልብኛል» አለችኝ። «እስከ ስድስት ስቆጥር ይነሣል።»

«ትቆጥሪዋለሽ እንዴ?»

«ካልቆጠርኩት እንዴት አውቀዋለሁ?»

በሳምንቱ ከስፌት ቤት ተደወለልኝ። ከስፌት መኪናው ላይ ደግፈው አንሥተዋት ነበር። ቤት ድረስ አመጧት። እዚህ ላይ ያደረግሁትን ልጻፈው። እናታችን «ሐኪም ቤትና ፍርድ ቤት ተጎሳቁላችሁ አትሂዱ፣ ሰው የሚሰማው ለልብሳችሁ ነው» ትል ነበር። እሷም ሰፊ ነበረችና ነገሩን የምታውቀው ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ እህቴ አልጋው ጫፍ ላይ ራሷን ይዛ ቁጭ እንዳለች ራሷ የሰፋችውን ሰማያዊ ቀሚስ ተኮስኩላት። ፀጉሯን አበጠርኩ። ከንፈሯ ነጥቶ ስላስደነገጠኝ ቀለም ቀባኋት። ስጨርስ የታመመች ሳይሆን ለፎቶ የተዘጋጀች ትመስል ነበር።

ድንገተኛ ክፍሉ ውስጥ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። የጣሪያው መብራት እያሠቃያት ፊቷን ትከሻዬ ላይ ደበቀች። ነርሷ ወረቀቷን ይዛ መጣች።

«ሕመምሽ ከአስር ስንት ነው?»

እትዬ ዓይኗን ጨፍና አሰበች። «ሰባት ተኩል።»

«ተኩሏ ምንድን ናት?»

«ስምንት አልሞላማ፣ ሲስተር።»

ነርሷ ሳቀች። ወደ ጓደኛዋ ዞራ «ሰማሽልኝ? ይቺ ደግሞ ሕመሟን ለክታ ነው የመጣችው!» አለች። ከጎናችን ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለው ጎረምሳ ነበር። ገና ሳይጠይቁት «አስር! ኧረ አሥራ ሁለት!» ብሎ ጮኸ። ቀድሞን ገባ።

ዶክተሩ ወጣት ነው። ከእግር እስከ ራሷ አየት አደረጋትና «የማን ሠርግ ነው ያቋረጥሽው?» አላት። እኔ ጨዋታ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ባል አለሽ? የለኝም። ልጅስ? የለኝም። «ታዲያ ጭንቀት ነው» አለ፣ ለዚህ ምርመራ የማያስፈልገው ይመስል። እትዬ ስለ ግራጫው ጨርቅ ነገረችው። ስድስት እንደምትቆጥርም ነገረችው።

«ሙያሽ ምንድን ነው?»

«ልብስ ሰፊ።»

«ቀኑን ሙሉ መርፌ ላይ አፍጥጠሽ እየዋልሽ ምን ይሁን ትያለሽ? መነጽር ግዢ። ውሃ ጠጪ፣ እንቅልፍ ተኚ።»

የራስ ምታት ክኒን ጽፎልን ወጣን። እትዬ መንገድ ላይ «የተማረ ሰው ምንም የለብሽም ካለ ምንም የለብኝም» አለች። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ቆጠራው ሃያ ደረሰ። ቀይ ጨርቅ ለልጄ ቀሚስ ቆርጣ እየሰፋች ነበር፤ ጠርዙን ሳታጥፍ መርፌዋን ሰክታ ተወችው። ወደዚያው ሐኪም ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እጇን ይዤ ለመንኳት።

«እትዬ፣ በናትሽ ዛሬ አስር በይ።»

«ሳይሆን?»

«ይሁን አይሁን ማን ያያል? ጎረምሳውን አላየሽውም?»

«አስር መጨረሻው ነው። ዛሬ ብዬው ነገ ቢብስብኝ ምን ልል ነው?»

በዚያን ቀን ያየን ሌላ ሐኪም ነው። እሷን ሳይሆን የፊተኛውን ወረቀት ነበር የሚያየው። «ሰባት ተኩል፣ ጭንቀት፣ አለባበሷና ሁኔታዋ ደህና» እያለ አነበበው። «ዛሬስ ስንት ነው?»

«አስር!» አልኩ እኔ።

«አንቺን ጠየቅሁሽ?» ወደ እሷ ዞረ። እትዬ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ መሬት መሬት አየች።

«ስምንት» አለች።

ብዕሩን አስቀመጠ። «የምሩን የታመመ ሰው ቁጥር አይመርጥም፣ እህቴ። ውጭ አልጋ የሚጠብቁ አሉ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እህቴ አልደበቀችም። በልኩ ተናገረች፣ በልኩ የሚሰማት ጠፋ እንጂ።

ከአራት ቀን በኋላ ጠዋት መጋረጃውን ከፈትኩት። ፀሐይ ክፍሉን ሞላችው። ልጄ ከእትዬ እግር ሥር ተቀምጣ ዳቦዋን እየቆረሰች ነበር። እትዬ ተነሥታ ተቀመጠችና «መብራት ጠፋ እንዴ?» አለች።

እጄ መጋረጃው ላይ ቀረ። ቀስ ብዬ ሄጄ ፊቷ ላይ እጄን አወዛወዝኩት።

«እትዬ… ስንት ቆጠርሽ?»

«መቁጠሩን ትቼዋለሁ» አለች።

በዚያን ቀን አላለበስኳትም። በሌሊት ልብሷና በነጠላ ጫማዋ፣ ፀጉሯ እንደተንጨበረረ ይዣት ገባሁ። ቁጥርም የጠየቀን የለም፤ እየሮጡ ተቀበሉን። ጠና ያሉ ሴት የዓይን ሐኪም ተጠርተው መጡ። መብራቱን አጠፉና በትንሽ ባትሪ ነገር ወደ ዓይኗ ውስጥ ተመለከቱ። አንዱን ዓይን፣ ከዚያ ሌላውን። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

«ልጄ፣ ከዚህ በፊት ዓይንሽን እንዲህ ያየው ሰው አለ?»

«የለም፣ ዶክተር። ልብሴን ነው ያዩት» አለች እትዬ። በዚያ ቀን እንኳን ቀልድ አላጣችም።

ሐኪሟ አልሳቁም። አንጎሏ ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ከመጠን በላይ ግፊት ፈጥሮ የዓይኗን ነርቭ ከጀርባ ሲጨፈልቀው እንደቆየ ነገሩን። ስለ ቆጠራው ስንነግራቸው «ያን ጊዜ፣ ገና ስድስት ስትቆጥሪ ብናየው ኖሮ…» ብለው ተዉት። ያን ዓረፍተ ነገር እኔ በየቀኑ እጨርሰዋለሁ።

ከጀርባዋ በመርፌ ፈሳሽ ቀዱላት። ማታውን አንዲት ነርስ መጥታ አሁን ራስ ምታቱ ከአስር ስንት እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ዜሮ» አለች እትዬ። ቆየት ብላ «ለዓይንስ ቁጥር የላችሁም?» አለች። ነርሷ ብርድ ልብሱን አስተካክላላት ወጣች።

ዓይኗ አልተመለሰም። የሁለቱን ሐኪሞች ወረቀቶች ይዤ የሐኪም ቤቱ ኃላፊ ቢሮ ሄድኩ። አዳመጡኝ፣ አዝነዋልም። ከዚያ ጣታቸውን ቁጥሩ ላይ አድርገው «እንግዲህ ታማሚዋ ሕመሟን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው» አሉኝ። ዝቅ አላደረገችም አልኳቸው። በእሷ ቤት ሰባት ተኩል ማለት ሰባት ተኩል ነው አልኳቸው። እንደማይገባቸው ሳውቅ ወረቀቶቼን አጥፌ ወጣሁ። ግን አልተውኩትም፤ ከእሳቸው በላይ ላሉት ጽፌያለሁ።

አሁን ቤት ባለው የስፌት መኪናዋ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። እትዬ ከጎኔ ሆና ድምፁን እየሰማች «ቸኮልሽ፣ እግርሽን ቀስ» ትለኛለች። መጀመሪያ የጨረስኩት ያንን የተሰካበት መርፌ ያልወጣለትን ቀይ ቀሚስ ነው። ሳቀብላት ገለበጠችው። ጣቷን በጠርዙ ላይ አስኬደችና አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«እዚህ ጋ ሁለት ሚሊ ስተሻል። ፍቺው።»

ፈታሁት። ደግሜ ሰፋሁት። ሦስተኛው ላይ ምንም ሳትል መለሰችልኝ፤ አንድም ዝንፍ ያለ ቦታ አልነበረውም ማለት ነው።

ልጄን አለበስኳት። እየተሽከረከረች ወደ እትዬ ሮጠችና መሐል ክፍሉ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ እይኝ! እይኛ!»

ምን ብዬ አስተባብላለሁ? ለሦስት ዓመት ልጅ ይህ እንዴት ይነገራል? እትዬ ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች፣ ትንሽ ግን ወደ ቁም ሣጥኑ ሳተች።

«አየሁሽ» አለች። «አየሁሽ፣ የኔ እናት። ልክክ ብሎልሻል።»

አስር በይ ብዬ ስለምናት እንቢ ያለችኝ ሴት ናት።

ልጄ መሽከርከሯን አቆመች። የእትዬን ፊት አየች፣ ቁም ሣጥኑን አየች። ከዚያ የቀሚሷን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ ቀስ ብላ ሄደችና ቁም ሣጥኑ ጋ፣ የእትዬ ፊት ወደ ዞረበት ቦታ ቆመችላት።