የልጅ ሕልም

ዝንጅብል የበዛበት የወተት ሻይ ሲፈላ ከሸተተኝ፣ የትም ልሁን የት፣ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ወደነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን እመለሳለሁ። እናቴ ሻዩን እየቀዳች «ምን አየሽ?» ትለኝ ነበር፤ «እንዴት አደርሽ» እንኳ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ብላ ስለምታምን፣ ክፉ አፍ ያለው ሰው ቀድሞ እንዳይሰማው፣ ለእሷ ሳልነግር ደጅ አልወጣም ነበር። ፓስተራችን ሕልም መፍታት የዮሴፍና የዳንኤል ጸጋ እንጂ የማንም ሥራ አይደለም እያለ ቢሰብክም፣ እሑድ «አሜን» ብላው ሰኞ ጠዋት ትፈታ ነበር።

በትልቁ ዝናብ ወራት፣ ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች ጭቃ እየረጩን ሲያልፉ፣ ትምህርት ቤት ልታደርሰኝ እጄን ይዛ እየሄደች ታስተምረኝ ነበር። ጥርስ መውለቅ ሞት ነው፣ ጥሬ ሥጋ ሐዘን ነው፣ ዓይነ ምድር ገንዘብ ነው፣ ሰርግ ልቅሶ ነው። አባቴ ከናይሮቢ ሞያሌ ዕቃ የሚያመላልስ ሾፌር ነበርና፣ ቤት በተገኘ ጊዜ በሁለታችንም ይስቅ ነበር።

«ዓይነ ምድር ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ኪሊማኒ ቪላ ገዝተን ነበር።»

ሐምሌ ገብቶ ናይሮቢ በብርድ ስትኮማተር አባቴ ታሞ ሆስፒታል ተኛ። በዚያው ሰሞን ሰርግ አየሁ፤ አባቴ ነጭ ሱፍ ለብሶ ከፊት ከፊት ይሄዳል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ እሱ ግን ዞር ብሎ አያየኝም። ጠዋት ስነግራት እናቴ ማንቆርቆሪያውን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ይድናል ማለት ነው» አለችኝ።

«ሰርግ ልቅሶ ነው ብለሽኝ የለ እንዴ፣ ማሚ?»

«እሱ የትልቅ ሰው ሕልም ነው። የልጅ ሕልም እንዳየው ነው፤ ሰርግ ካየ ደስታ ነው። በይ ሻይሽን ጠጪ፣ ይረፍድብሻል።»

አመንኳት። ሳምንት ሳይሞላ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተሰብስበው በራችንን አንኳኩ፤ በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ እናቴ ታውቃለችና፣ አንዳቸውም አፋቸውን ሳይከፍቱ ጮኸች። እኔ አላለቀስኩም። ሴቶቹ «ልጅ ናት፣ አልገባትም» ይባባሉ ነበር፤ እኔ ደግሞ አንድ ጥግ ተቀምጬ፣ የልጅ ሕልም እንዳየው ከሆነ፣ እንግዲህ እኔ ልጅ አይደለሁም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ሌላ ምንም አልተሰማኝም። የማደንዘዣ መርፌ እንደተወጋ ድድ ነበርኩ።

ጥቅምት ላይ የጃካራንዳው ዛፍ ሲያብብ፣ እናቴ «ምን አየሽ?» ማለቱን ከተወች ቆይታ ነበር። ሻዩን ቀድታልኝ ፊቷን ወደ ምድጃው ትመልሳለች፣ እኔም ጠጥቼ እወጣለሁ። የራሴን ሕልም ራሴ መፍታት የጀመርኩት ያኔ ነው፤ ብቻዬን ትምህርት ቤት እየሄድኩ እፈታ ነበር፤ ለራሴ አላዳላም ነበር፣ ክፉውን ፍቺ ወስጄ እገላገላለሁ።

ዛሬ እዚያው ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ እሠራለሁ። ጠዋት ጠዋት፣ ትራፊኩ ይዞኝ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ እናቴ ትደውልልኛለች። ያኔ ነጋሪዋ እኔ ነበርኩ፣ አሁን እሷ ናት። አባቴን ደጋግማ ታየዋለች፤ አንዴ ጎማ ሲቀይር፣ አንዴ ሶፋው ላይ ተኝቶ። እኔ ከዚያ ሰርግ ወዲህ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።

«አንቺጋስ አይመጣም?» ትለኛለች።

«መጥቶ ነበር» እላታለሁ፣ «ደህና ነው።»