አምቡላንስና ሦስቱ ማይኮች

ባሌን የባንዱ ልጆች «አምቡላንስ» ይሉታል። ሰው ስላዳነ አይደለም። ድራም ላይ ሲቀመጥ በዝግታ የጀመረውን ዘፈን መጨረሻው ላይ ሲያሮጠው ስለሚገኝ ነው። ባለፈው አንድ ሠርግ ላይ፣ ሙሽሮቹ ቀስ ብለው እንዲገቡበት የተመረጠውን ዜማ እያፈጠነ እያፈጠነ ሄዶ፣ ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ ልትሮጥ ምንም አልቀራት። ቀሚሱን የሰፋሁት እኔ ነኝና ቆሽቴ አረረ። በማግስቱ የባንዱ መሪ አሰናበተው።

ቀን ቀን ቧንቧ ሠራተኛ ነው። እዚያም ያው ነው፤ የአንዱን ቤት ቧንቧ አጥብቆ ሳይጨርስ ልቡ የሚቀጥለው ቤት ደርሷል። ከተሰናበተ በኋላ ግን ጥድፊያው ሁሉ ጠፋ። ከሥራ ይመጣና ድራሙ ኋላ ተቀምጦ፣ ሳይመታ፣ ከኔ የስፌት ቁርጥራጭ ጨርቅ ወስዶ ሲምባሎቹን፣ የነሐስ ሳህኖቹን፣ ይወለውላል። ስቀልድበት አይመልስልኝም። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሲሆን አንጀቴን በላው። ይህ ሰው ድራሙን ከተነጠቀ እኔም ባሌን እንደማጣው ገባኝ።

በአራተኛው ሳምንት መሪው ደወለ። «አንድ ዘፈን ቤትህ ቀርጸህ እስከ ሐሙስ ላክልኝ። ካልሮጥክ ትመለሳለህ። ከሮጥክ ሌላ ሰው እይዛለሁ» አለው።

«አየሽ?» አለኝ ባሌ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ድሮም ችግሩ የኔ መቸኮል አልነበረም። የማይክ አቀማመጥ ነው።»

ሦስት ማይኮችና አንድ መቅረጫ ተውሶ መጣ። ማቆሚያ ስላልነበረው ከሥራ የተረፈ የፕላስቲክ ቧንቧ እየቆረጠ፣ በቧንቧ ክርን መጋጠሚያ እያያያዘ፣ ራሱ ሠራ። ሳሎናችን ያላለቀ መታጠቢያ ቤት መሰለ። ድምፁ ከግድግዳው እየነጠረ እንዳይመለስ ፍራሻችንን አንስቶ አቆመው። ቀጥሎ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር ሳያስፈቅድ መዘዘው።

«ሁለቱ ከላይ የሚንጠለጠሉት ከስኔሩ እኩል መራቅ አለባቸው፤ አለዚያ ድምፁ አንደኛው ጋ ቀድሞ ይደርሳል» አለኝ። ስኔር የሚለው ጉልበቱ መሃል የሚያስቀምጠውን ትንሹን ከበሮ ነው። ከዚህ ዘጠና ሴንቲ፣ ከዚያም ዘጠና። ለግማሽ ሴንቲ እየተነሳ እየተቀመጠ ሲለካ ያየ ሰው፣ ለስኔሩ ኮት ሊያሰፋለት ነው ይል ነበር። ሦስተኛውን ማይክ ትልቁ ከበሮ ፊት ለፊት ባለው ቀዳዳ አስገባው። ዳር ላይ ሲሆን ድምፁ ይጎረንናል፤ ወደ ውስጥ ሲገባ በር የሚያንኳኩ ይመስላል። መሃል ላይ ትራስ አስደግፎ ተወው።

ግን እየመታ ማይክ ማንቀሳቀስ አይችልም። «ነይ፣ ተቀመጪና ምቺልኝ። በእግርሽ ትልቁን፣ በእጅሽ ስኔሩን። ሌላ እንዳትነኪ።»

«ዩኒፎርሙንስ ማን ሊሰፋልኝ ነው?» አልኩት። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ቀርቶት ሠላሳ ዩኒፎርም ተቆልሎብኝ ነበር።

«አምስት ደቂቃ!»

አምስቱ ደቂቃ አንድ ሰዓት ሆነ። እሱ አንድ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ፣ በሌላው እያዳመጠ፣ ወለሉ ላይ ይንፏቀቃል። ማይኩን ትንሽ ባንቀሳቀሰ ቁጥር ይቀርጻል። እኔ የስፌት መኪና ፔዳል ስረግጥ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እግሬ የራሱን ሲሠራ እኔ በልቤ ቁልፍ እቆጥር ነበር።

ከሰባተኛው ቅጂ ጀምሮ መምታቱ የሱ ተራ ሆነ። እኔም ወደ መኪናዬ ዞርኩ።

«ኧረ ተይ፣ የመኪናሽ ድምፅ ቅጂው ውስጥ ይገባብኛል!» ብሎ ጮኸ።

ጥርሴን ነክሼ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ዘጠነኛውን ሲጨርስ ላብ በላብ ሆኖ «በቃ፣ ይሄ ነው!» አለ።

ሐሙስ ጠዋት የሆነ ቤት ቧንቧ ፈንድቶ ሲጠሩት ቅጂዎቹን ስልኬ ላይ ገለበጠልኝና፣ «ዘጠነኛውን ላኪለት» ብሎኝ ወጣ። ከፍቼ ሰማሁት። አንድ ደቂቃ ያህል ደህና ሄደ፤ ከዚያ አምቡላንሱ ሳይረኑን ከፈተ። ስድስተኛውን ከፈትኩ፤ ጌጥ የለው፣ ምን የለው፣ ግን ቀጥ ያለ ነው። የኔ ነው። ያ ሲምባል የሚወለውል ሰው ትዝ አለኝ። ጣቴ ሳይሳሳት ስድስተኛውን ላከ። ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሳቄም መጥቶ ነበር።

መሪው «ቅዳሜ ልምምድ ና» ብሎ መለሰ። ባሌ እየዘለለ ገባ። ለጎረቤቱ ሁሉ ስለ ዘጠና ሴንቲው አስተማረ። እኔ ጭጭ አልኩ።

ቅዳሜ ኩም ብሎ ተመለሰ። ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆመ።

«ሁለት ዘፈን እንኳን ሳንጨርስ አስቆመኝ። ‹ያንን ቅጂ የመታውን ሰው አምጣልኝ› አለኝ። እኔ ነኝ ብዬ ማልኩ። ከፍቶ አሰማኝ።» ዓይኑን ወደ እግሬ ጣል አደረገ። «እግርሽን አወቅሁት። አሥራ ስምንት ዓመት አጠገቤ ሲረግጥ የኖረ እግር ይጠፋኛል?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«እንዴት ነው የማትቸኩዪው?»

«ከቸኮልኩ ክሩ ይበጠስብኛል» አልኩት።

«ደግሜ እንድቀርጽ አንድ ሳምንት ጨምሮልኛል» አለኝ፣ አንገቱን ደፍቶ።

የስፌት መኪናዬ ፊት አስቀመጥኩት። የመጀመሪያ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ክር በጠሰ፤ እኔ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ፣ እሱ መርፌውን ይራገማል። በሁለተኛው ቀን አራት ጊዜ። በሳምንቱ መጨረሻ የአሥራ አራት ቀሚስ ጠርዝ አጥፎ ሰፍቶልኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን እሱ ሳያይ ፈትቼ ደግሜአቸዋለሁ።

ዓርብ ማይኮቹን እንደገና ሰቀለ፤ ዘጠና፣ ዘጠና። እኔ ነገሩን አውቄ መኪናዬን ሸፍኜ እጄን አጣጠፍኩ።

«ምን ትጎለቻለሽ? ስፊ እንጂ» አለኝ።

«ይገባብሃላ።»

መኪናዬን ከነጠረጴዛዋ እየገፋ ድራሙ አጠገብ አስጠጋት፤ ትንሽ መለስ አደረጋት፤ ሜትሬን መዝዞ ከላይኞቹ ማይኮች እስከ ፔዳሌ ለካ። ከዚያ ተቀመጠ። እኔ ረገጥኩ፣ እሱ መታ። ዘፈኑ አልቆ እጁን ሲያነሳ እኔ ገና ያንኑ ስፌት ላይ ነበርኩ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

መሪው በዚያው ቀን መለሰ። «አምቡላንስ፣ ተመልሰሃል። ከኋላ የምትሰማዋ ነገር ምን እንደሆነች አላውቅም፤ ብቻ እንዳትለያት።»

አሁንም ሰው ሲጠይቀው ሚስጥሩ የማይክ አቀማመጥ ነው ይላል። ዘጠና ሴንቲውን ለማንም ይናገራል። መኪናዬን ስንት ሴንቲ ድረስ እንዳስጠጋት ግን ለማንም አይናገርም።