ሙሽሮች ፊታቸውን ያዩባት ጥቁር መኪና

ባለፈው ጥር በማያገባኝ የሰው ሰርግ ውስጥ ገብቼ ራሴን አሳፈርሁ። ወረታ ላይ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት፣ አበባ የታሰረባት ጥቁር መኪና ቆማ ሙሽራዋን ትጠብቃለች። ሙሉ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ ሚዜ መሐረቡን ከደረት ኪሱ መዝዞ የመኪናዋን በር በደረቁ ይወለውላል። ከአጥሩ ማዶ ያለው የሩዝ መፈልፈያ ደግሞ እብቁን ወደ መንገዱ ያቦናል። ሳላስበው "ተው! በደረቁ አትንካት!" ብዬ ጮኽሁ። ሰርገኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"ምን ሆኑ እትዬ?" አለኝ ሚዜው።

"ውኃ፣ ውኃ አምጣ" አልሁት። እሱ ፀሐይ የመታኝ ደካማ ሴትዮ መስዬው ሮጦ ከመኪናዋ ውስጥ የላስቲክ ውኃ አወጣና ከፍቶ ሰጠኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ብዬ ላስረዳው? ተቀብዬ ጠጣሁ። ልቤ ግን እዚያ አልነበረም።

አባቴ የሙሽራ ሾፌር ነበር። ያኔ ወረታ ውስጥ ሌላ ጥቁር የቤት መኪና ከነበረም እኔ አላየሁም። የእኛዋ አሮጌ ነበረች፤ በጠዋት ሞተሯ ሲነሣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ትስላለች። ቀለሟ ግን ጥቁር ነበር፣ የምር ጥቁር። በጥርና ከፋሲካ በኋላ፣ የፎገራ ሜዳ ውኃው ደርቆ መንገዱ ሲከፈት፣ ከቁሐር ሚካኤል እስከ አንበሳሜ ሙሽራ የምታመላልሰው እሷ ነበረች።

አባቴ አንድ ሕግ ነበረው። ሙሽራዋ ከመግባቷ በፊት ከኋለኛው በር ፊት ያቆማትና "እስቲ ፊትሽን እይ" ይላታል። እሷም በጥቁሩ በር ላይ ራሷን አይታ፣ ዓይነ ርግቧን አስተካክላ ትገባለች። ሙዚቃው ቢጮህ፣ ሽማግሌ ቢቆጣ፣ እሷ ፊቷን ሳታይ ሞተር አያስነሣም። "ሙሽራ ፊቷን የማታይባት መኪና ጥቁር አይደለችም፣ ከሰል ናት" ይል ነበር። እኔም እሱ በሌለበት በዚያ በር ላይ ሻሼን አስተካክል ነበር፤ ቤታችን ውስጥ ከነበረችው ስንጥቅ መስታወት በሩ ይሻል ነበርና።

ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ የአባቴ ዓይን ታመመ። መጀመሪያ መኪናዋን ሲያስገባ የግቢውን በር ገጨ። ከዚያ ጎረቤታችንን ሐጂ ሰይድን በቀን ብርሃን ሌላ ሰው አድርጎ ሰላም አለ። አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሜ ታደሰ ይህን ሲሰማ በኅዳር መጥቶ ለሕክምና ይዞት ሄደ። እናታችን ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና መኪናዋ ነን።

በመናኸሪያው፣ አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል፣ አባቴ አጎንብሶ ፊቴን በጣም ቀርቦ አየኝ። እንደዚያ ቀርቦ አይቶኝ አያውቅም ነበር።

"የሺ፣ ጥቁሯን አደራ።"

"እሽ አባባ።"

"ከፋሲካ በኋላ ሙሽራ እጭናለሁ። ስመለስ ፊቴን ላይባት።"

"ያዩባታል" አልሁት።

ጠዋት ጠዋት ሕፃናት ማስተማሪያ ውስጥ ፊደል አስቆጥር ነበር። በስድስት ሰዓት ልጆቹ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ማግስቱ የሚያናግረኝ የለም። ብቸኝነት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለአንድ ሰው ብቻ ወጥ መሥራት አልችልበትም ነበር፤ ሁልጊዜ ይተርፈኛል፣ የተረፈውን በማግስቱ እበላለሁ፣ እሱም ይተርፋል። ከሜዳው የሩዝ ነዶ ይገባል፣ ከአጥራችን ማዶ ያለው መፈልፈያ ቀኑን ሙሉ ያጓራል፣ እብቁ በቆርቆሮው ላይ፣ በተሰጣ ልብስ ላይ፣ በመኪናዋ ላይ ያርፋል። ቡናማ፣ ቀላል፣ እፍ ቢሉት የሚሄድ ነገር ነው። ማን ይጠረጥረዋል?

በየቀኑ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ የእናቴን አሮጌ ነጠላ ይዤ መኪናዋን እጠርጋለሁ። ብዙ ከመታጠቡ የተነሣ ከዚያ የለሰለሰ ጨርቅ ቤት ውስጥ አልነበረም። እየጠረግሁ አወራላት ነበር። የትኛው ልጅ እንዳለቀሰ፣ የትኛው "ሀ"ን ገልብጦ እንደጻፈ። አሁን ሳስበው ሳቄ ይመጣል፤ ያኔ ግን ከቀኑ ሁሉ የምወደው ሰዓት እሱ ነበር።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሐጂ ሰይድ ሱቅ እሄዳለሁ። ሐጂ የመኪና ዕቃና ቀለም ይሸጣሉ፤ ስልክ የነበረውም እሳቸው ዘንድ ነው። አባቴ እዚያ ይደውልልኛል።

"ደህና ነሽይ? ጥቁሯስ፣ ታሳያለችይ?"

"እንደ መስታወት ናት አባባ። ዓይንዎስ?"

"እየተሻለኝ ነው። ትናንት የግድግዳውን ሰዓት አነበብሁ።"

ጥር ላይ አንድ ቀን መኪናዋን ከጥላው ገፋ አድርጌ ወደ ፀሐይ አወጣኋት። በሩ ላይ ፊቴን ፈለግሁ፤ የለም። ጥቁሩ ደብዝዞ አመድ መስሏል። ቀረብ ብዬ ሳይ ቀለሙ ሁሉ እንደ ፀጉር በቀጠነ ጭረት ተሸፍኗል፤ ክብ ክብ፣ አንዱ በሌላው ላይ። በደንብ ስላልጠረግኋት መሰለኝ። ስለዚህ በቀን ሁለት ጊዜ መጥረግ ጀመርሁ፣ ጠበቅ አድርጌም አሸኋት። ሙሽራ ሊያስጭኑ የመጡ ሰዎችንም ግቢ ሳላስገባ፣ በሩን በጀርባዬ ይዤ "አባቴ የለም" እያልሁ መለስኋቸው። በሳምንቱ ከበፊቱ ብሳ አገኘኋት።

በዚያ እሁድ አባቴ "ታሳያለችይ?" ሲለኝ "እንደ መስታወት ናት" አልሁ። ስልኩን ስዘጋ እንባዬ መጣ።

ሐጂ ሰይድ ከባንኮኒው ኋላ ሆነው "ልጄ" አሉኝ፣ "ስልኩ የኔ ነውና ጆሮዬን አልደፍንም። መስታወት ከሆነች ምን ያስለቅስሻል?"

ነገርኋቸው። ሱቃቸውን ዘግተው አብረውኝ መጡ። መኪናዋን ዞረው አዩዋት።

"በምንድን ነው ስትጠርጊያት የከረምሽ?"

"በእናቴ ነጠላ። በጣም ለስላሳ ነው።"

"ሳታጥቢያት?"

"ውኃ ያዝጋታል ብዬ ነዋ።"

ሐጂ ወደ አጥሩ ሄዱ። በአጥሩ ግንብ ላይ ከተኛው እብቅ በጣታቸው ቆንጠር አደረጉና የእጅ ሰዓታቸው መስታወት ላይ ነሰነሱት። ከእጄ ነጠላውን ተቀብለው ጥቂት ጊዜ አሹት። ከዚያ ሰዓቱን አሳዩኝ። ቁጥሮቹ በጭረት ተጋርደዋል።

"ይኼ የሩዝ እብቅ ነው። አንቺ ግን ብርጭቆ ወረቀት በይው። ነጠላሽ ምን ያድርግ? እብቁን ይዞ ይፍቃል እንጅ።"

ለሰዓታቸው ላዝን እንኳ ልብ አልነበረኝም። ደነገጥሁ፣ አፈርሁም። ሁለት ወር ተኩል በየቀኑ፣ እያጫወትኋት፣ በገዛ እጄ ስፍቃት ነበር። ባልነካት ኖሮ እብቅ ለብሳ ደህና ትቆየኝ ነበር።

"አልሞተችም" አሉኝ ሐጂ ፊቴን አይተው። "ጭረቱ ከላይ ከላይ ነው። አባትሽ የሚመጣው ለፋሲካ ነው፤ ይደርሳል።" በማግስቱ እንደ ሊጥ የወፈረ መፋቂያ ቅባት በአንድ ቆርቆሮ፣ ሰም በሌላው ይዘው መጡ። "አባትሽ የኔን ልጅም ለባሏ ያደረሳት በዚች መኪና ነው" አሉና እንዴት እንደምሠራ አስተማሩኝ።

መጀመሪያ በጥላ ውስጥ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በብዙ ውኃ ማጠብ። እብቁን እጅሽ ሳይሆን ውኃው ይውሰደው አሉኝ። ማድረቅ ሲሆን ጨርቁን አንጥፎ ጫን አድርጎ ማንሣት ነው፤ መጎተት የለም። ከዚያ ቅባቱን በእርጥብ ጨርቅ፣ በአንድ ጊዜ ከመዳፍ ያልበለጠ ቦታ፣ ቀስ ብሎ ማሸት። በመጨረሻ ሰም። "የበሩን ጠርዝ ግን አደራ። ጠርዝ ላይ ቀለሙ ስስ ነው። ከፋቅሽው አይመለስም።"

ሁዳዴን በዚህ አሳለፍሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሽሮዬን በሩዝ እንጀራ እበላለሁ፣ ከጉድጓድ ውኃ እቀዳለሁ፣ ከዚያ መዳፍ በመዳፍ እሄዳለሁ። ጎረቤት አልፎ አልፎ የሽንብራ እሸት ያቀብለኛል፤ እሱን እየፈለፈልሁ ክንዴን አሳርፋለሁ። ከኮፈኑ ጀመርሁ። በአራተኛው ቀን ከአመዱ ሥር ጥቁሩ ወጣና የራሴን አፍንጫ አየሁ። ሳቅሁ። ለሰው ልናገር ዞር ስል ግቢው ባዶ ነው። መፈልፈያው ያጓራል። ደስታ ብቻን ሲሆን እንደሚከብድ ያወቅሁት እዚያ፣ እጄ ላይ ቅባት እንደያዝሁ ነው።

የሆሳዕና ሳምንት የቀረኝ ሙሽሮች የሚያዩበት የኋለኛው በር ብቻ ነበር። አባቴ ሐሙስ እንደሚገባ ተነግሮኛል። ቸኮልሁ፣ እጄም ከበደ። በሩ ወገብ ላይ ባለው ጠርዝ ላይ ጨርቄን ሳነሣ ከጥቁሩ ሥር ያለው ግራጫ ቀለም ብቅ አለ፣ የአንድ ጣት ርዝመት ያህል። የሐጂ ምክር ጆሮዬ ላይ ጮኸ። እሳቸው ደግሞ ዕቃ ሊያመጡ ጎንደር ሄደዋል። ብዙ ከተጨነቅሁ በኋላ ዓይኔ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው የአባቴ ጥቁር የጫማ ቀለም ላይ አረፈ። በጣቴ ቀባሁት፣ በጨርቅ ወለወልሁት። ራቅ ብዬ ሳይ ምንም አይለይም።

ሐሙስ ከሰዓት የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍት ታደሰ የአባቴን ክንድ ይዞ ቆሟል። አባቴ ጥቁር መነጽር አድርጓል። ሠላሳ ዓመት የተሻገረውን ደፍ በጫማው ጫፍ እየዳሰሰ ሲፈልገው አየሁት፣ ማንም ሳይነግረኝም ገባኝ። አንገቱን አቀፍሁት፤ አላለቀስሁም፣ ለቅሶዬን እንዳይሰማ ብዬ።

"ጥቁሯ የታለች?" አለ።

እጁን ይዤ ወሰድሁት። መዳፉን ጣሪያው ላይ አሳረፈ። ከዚያ በኮፈኑ ላይ፣ በፊተኛው በር ላይ፣ እየዳሰሰ ዞራት። "ለስልሳለች" አለ። የኋለኛው በር ጠርዝ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። አውራ ጣቱን ከሌባ ጣቱ ጋር አሸና ወደ አፍንጫው ወሰደው።

"የሺ" አለኝ፣ "ይች መኪና ጫማ ታደርጋለችይ?"

ሳቄና ለቅሶዬ አንድ ላይ ወጡ። ሁሉንም ተናዘዝሁ፤ ነጠላውን፣ እብቁን፣ በየእሁዱ የዋሸሁትን፣ የፋቅሁትን ጠርዝ። አባቴ እጁን ከመኪናዋ ላይ ሳያነሣ አዳመጠኝ።

"እኔም ሰዓት አላነበብሁም" አለ። "ታደሰ ነበር የሚነግረኝ። ከገና ወዲህ ጨለማ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ብቻሽን ነበርሽ።"

"እርስዎም ብቻዎን ነበሩ" አልሁት።

ከዚያ ሙሽሮቹ በሚቆሙበት ቦታ ላይ፣ ከኋለኛው በር ፊት፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። "እስቲ አንቺ እይልኝ" አለ።

በሩን አየሁ። ሁለታችንም እዚያ ውስጥ ነበርን፣ ጥርት ብለን። "ጢምዎ አድጓል" አልሁት። "ሸብቷልም። ኮሌታዎ በግራ በኩል ተጣጥፏል።"

እጁን አንሥቶ ኮሌታውን አቃና። "አሁንስ?"

"አሁን ያምራሉ።"

"እሽ። እንግባ" አለ።

ሙሽራ ዳግመኛ አልጫነም። በሚቀጥለው ዓመት እኔ መንዳት ተምሬ ወንዛዬ ፍል ውኃ እወስደው ነበር። መንገዱን ሁሉ "ምን ታያለሽ?" ይለኛል፤ እኔም ሩዙን፣ ከብቱን፣ ሽንኩርት የሚያጠጡትን ሰዎች እነግረዋለሁ። ከመኪናው ስንወርድ ደግሞ ኮሌታውን ይጠይቀኛል፣ በዳበሳም የእኔን ነጠላ ያቃናልኛል። እንዲህ ሆነን ዓመታት ኖርን። እሱ ሲሞት መኪናዋንም መንዳት አስጠላኝ፤ ሸጥኋት።

ባለፈው ጥር፣ ሚዜው የሰጠኝን ውኃ ግማሹን ጠጣሁና የተረፈውን የመኪናዋ በር ላይ ከላይ ወደ ታች አፈሰስሁት። እብቁ ወረደ። በነጠላዬ ጫፍ ጫን አድርጌ ውኃውን አነሣሁት። ሚዜው አፉን ከፍቶ ያየኛል። ሙሽራዋ ስትወጣ በእልልታው መሀል ክንዷን ይዤ በሩ ፊት አቆምኋትና "እስቲ ፊትሽን እይ" አልኋት። አየች። ዓይነ ርግቧን አስተካከለች፣ ፈገግ ብላልኝም ገባች። ጥሩምባቸውን እየነፉ ወደ ሜዳው ወረዱ።

እኔም ቀኑን ሙሉ ጉዳዬን ስሠራ፣ ገበያ ስወጣ፣ ሰው ሰላም ስል ዋልሁ። ነጠላዬን ገልብጬ ለብሼው እንደዋልሁ ያወቅሁት ቤት ገብቼ ሳወልቀው ነው።