የጋሽ አካለ ወልድ አራት አዋሳኞች

ጋሽ አካለ ወልድን አንድ ነገር የት እንዳለ መጠየቅ ለቸኮለ ሰው አይመከርም። መነጽርዎ የት አለ ብትሏቸው እንኳ "ጠረጴዛው ላይ" ብለው አይገላግሏችሁም። "በምሥራቅ የሻይ ብርጭቆው፣ በምዕራብ ሬዲዮው፣ በሰሜን ግድግዳው፣ በደቡብ የእኔ ክርን" ይላሉ ረጋ ብለው። መነጽሩም እዚያው መሃል ቁጭ ብሎ ይገኛል።

ይህን አመል ያወረሳቸው ሥራቸው ነው። ቢቸና ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት የገበሬ መሬት መዝግበዋል። በዚያን ጊዜ አንድ ማሳ መዝገብ ላይ የሚታወቀው በአራቱ አዋሳኞቹ ነበር፤ በዚህ በኩል የእገሌ፣ በዚያ በኩል የእገሊት፣ ከላይ መንገድ፣ ከታች ወንዝ። ሁለት ሰው በድንበር ሲጣላ አዋሳኞቹ ይጠራሉ፣ ይመሰክራሉ፣ ነገሩ ያልቃል። ጋሽ አካለ ወልድ በወረዳው ውስጥ ማን ከማን ጋር ድንበር እንደሚጋራ በቃላቸው ያውቁ ስለነበር ሠርግ ላይ እንኳ ሰው ሲተዋወቅ "አሃ፣ የእገሌ ምዕራብ!" ይሉ ነበር።

እኔ ጀዋሂር እባላለሁ፤ የሞጣ ልጅ ነኝ። ቅየሳ ተምሬ እንደወጣሁ መጀመሪያ የተመደብኩት ቢቸና ስለነበር፣ ጂፒኤስ የሚባለውን መሣሪያ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እሳቸው ቢሮ ገባሁ። አዲስ ተመራቂ እንዴት እንደሚንቀባረር ታውቃላችሁ። በመጀመሪያው ቀን አንድ የጤፍ ማሳ መሃል ቆመን "ይሄ ዕቃሽ እስቲ ማሳው የት ነው ይላል?" አሉኝ።

ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን አነበብኩላቸው። ከምድር ወገብ ይህን ያህል ወደ ሰሜን፣ ከዜሮው መስመር ይህን ያህል ወደ ምሥራቅ።

"አዋሳኞቹስ?"

"አዋሳኝ አያስፈልገውም ጋሼ። ቁጥሩ ይበቃዋል።"

ዞር ብለው ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አዩትና "አይ ምስኪን!" አሉ። ለእኔ መስሎኝ ነበር፤ ለማሳው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ "ባለ ቁጥሯ" ሆኖ ቀረ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ እሳቸው ጡረታ ወጡ፤ መዝገቦቻቸው በገመድ ታስረው መጋዘን ገቡ። እኔም ወደ ሞጣ ተዛወርኩ። ተጣልተን አልተለያየንም፤ ግን መዝገቦቹ በጋሪ ሲጫኑ ቆመው ያዩበት ፊታቸው እስካሁን ይታየኛል። ጥፋቴ ባይሆንም አፍሬ ነበር።

ብቸኛ ልጃቸው ሰገነት ሞጣ ውስጥ እኛ ግቢ ተከራይታ ትኖራለች። ኮምፒውተር ትችላለች፤ ጽሕፈትና ኮፒ የምትሠራበት ቤት ሲዘጋ ግን ሥራ አጣች። በዚህ መካከል ናይሮቢ ያለ አንድ ድርጅት በኢንተርኔት ፈተና አወጣ። ቫኑዋቱ የምትባል ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ የተበተነች የደሴቶች አገር አለች። የከተሞቿንና የመንደሮቿን ኬክሮስና ኬንትሮስ የያዘ ዝርዝር ሞልቷል፤ ግን ስህተት በስህተት ነው። አውሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር የእርዳታ ጀልባ የሚላከው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። ለተፈታኞቹ ሁለት መቶ አርባ መንደሮች ተላኩላቸው፤ እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ድረስ ስህተቱን አብልጦ የሚያርም ሰው ከቤቱ ሆኖ የሚሠራው የሁለት ዓመት ሥራ ያገኛል።

ሰገነት ይህን ካጣች አዲስ አበባ አክስቷ ጸደንያ ዘንድ መሄዷ ነው። ሻንጣዋ በግማሽ ተሞልቶ አልጋው ሥር ተቀምጧል። መሄድ አትፈልግም፤ እኔም እንድትሄድ አልፈልግም፣ ግቢው ውስጥ ቀልዴን የምትረዳው እሷ ብቻ ናት። አባቷን ስታማክራቸው "እንደሚበጅሽ አድርጊ" ከማለት በቀር አንድ ቃል አልጨመሩም። ይሄ አናዷት ነበር። "መሄዴም መቅረቴም አይገዳቸውም" አለችኝ።

ጋሽ አካለ ወልድ መነጽር ሊያሠሩ ሰኞ ከቢቸና መጥተው ልጃቸው ክፍል አረፉ። ስንገባ ስንወጣ ስክሪኑን ሲያዩ ቆዩና ጠየቁ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"መንደሮች ናቸው አባባ። ቁጥራቸው ትክክል መሆኑን እያየሁ ነው" አለች ሰገነት።

"አዋሳኞቻቸውስ?"

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ሰገነት ግን አልሳቀችም። በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ማንም አርሚያት ያላላት አንድ ዓምድ ነበረች። የሕዝብ ቆጣሪዎች በየመንደሩ ሲዞሩ ያዩትን በሁለት በሦስት መስመር ጽፈውባታል፤ ወንዙ በዚህ በኩል፣ ትምህርት ቤቱ ከኋላ፣ ተራራው ፊት ለፊት። ሰገነት እንደነገሩ ወደ አማርኛ እየመለሰች ታነብላቸው ጀመር። ሽማግሌው አሥር መስመር እንደሰሙ ብድግ ብለው ከእናቴ ሱቅ ባለመስመር ደብተር ገዝተው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ያ ክፍል የቢቸና መዝገብ ቤት ሆነ። የመንደሮቹን ስም ምላሴ አይችለውም ብለው በተራ ቁጥራቸው ይጠሯቸዋል። ሰገነት ታነባለች፣ እሳቸው "ቁጥር ሠላሳ አንድ፤ በምሥራቅ ወንዝ፣ በምዕራብ የኮኮነት ተክል" እያሉ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ከሰማይ የተነሳውን ፎቶ ትከፍትና ቁጥሩ የወደቀበትን ታሳያቸዋለች። እናቴ ዘሚራ ሻይ ይዛ ስትገባ ፎቶውን ጎንበስ ብላ አየችና "ዙሪያቸውን ባሕር ነው? ለእነዚህ እንኳ ጨው መሸጥ አይቻልም" ብላ ወጣች።

እኔ በበኩሌ ይህ ሁሉ ጊዜ ማባከን መስሎኝ ነበር። ኮምፒውተሩ ቁጥሩ ባሕር ላይ መውደቁን ወይም የብስ ላይ መውደቁን በአንድ ጊዜ ይለያል። ሰገነትም በመጀመሪያው ቀን ስድስት መንደሮች ከቁጥራቸው ፊት ደቡብ መሆናቸውን የምታሳየው የመቀነስ ምልክት ጠፍታ ከምድር ወገብ ወዲህ ተሻግረው ባሕር ውስጥ እንደወደቁ አግኝታ መልሳቸዋለች። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? አፌን ግን ያዝኩ።

ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ሰገነት ፊቷ በርቶ ጠበቀችኝ። "አባባ አሥራ አንድ ስህተት አገኙ!" አለች። እሷ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑን ቻርጅ ልታደርግ ሄዳ ሳለ ሽማግሌው በስልኳ ፎቶዎቹን ብቻቸውን ሲመረምሩ ውለው አሥራ አንድ መንደሮች ላይ የእርሳስ ምልክት አድርገዋል። እሷም አባቷን አምና ሁሉንም "የተሳሳተ" ብላ አስገብታቸዋለች።

"ስህተታቸው ምኑ ላይ ነው?" አልኩ።

ጋሽ አካለ ወልድ ደብተራቸውን ገለጡልኝ። "ቤተ ክርስቲያኖቻቸውን እያቸው። ይሄኛው ርዝመቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው። ይሄም፣ ይሄም። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ወደ ምሥራቅ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ፎቶው ዞሯል፤ ፎቶው ከዞረ ቁጥሩም ልክ አይደለም።"

ሳቅ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት። "ጋሼ፣ እነሱ ዘንድ እንደዚያ የሚል ደንብ ላይኖር ይችላል እኮ። ቦታው እንደተመቸ ይሠሩታል።"

"ታዲያ ሲጸልዩ ወዴት ይዞራሉ?"

"እሱን አላውቅም። ግን የዛፉን ጥላ ይዩት፤ አሥራ አንዱም ፎቶ ላይ ጥላው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ትክክል ናቸው ካልናቸው ፎቶዎች ጋርም አንድ ነው። ፎቶው አልዞረም።"

ጥላዎቹን አንድ በአንድ አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ። ሰገነት ተቀምጣ አሥራ አንዱን አንድ በአንድ ወደ "ትክክል" መለሰቻቸው፤ ይሄ ከእኔ ንግግር ይልቅ የጎዳቸው ይመስለኛል። መዝገቦቹ በጋሪ ሲጫኑ ያየሁት ያ ፊት ተመልሶ መጣ። ተነሥተው ጋቢያቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

"ነገ በጠዋቱ መኪና ልሂድ። የልጄን እንጀራ ላበላሽ አልመጣሁም።"

"አባባ፣ ማን ሂዱ አለዎት?"

"እኔው ነኝ ያልኩት።" ጋቢውን አጥፈው ጨረሱና ደብተሩን ለሰገነት ሰጧት። "ሰማንያ ሰባት ላይ ለብቻው ያደረግሁትን ምልክት ግን አልመልስም። እሱ የቤተ ክርስቲያን ነገር አይደለም።"

"ሰማንያ ሰባት ምን ሆነ?" አልኩ፤ አሁን ደግሞ ምን ሊመጣ ነው እያልኩ።

"ቆጣሪው የጻፈውን አንብቢላት" አሉ ለልጃቸው።

ሰገነት አነበበች። የመንደሩ ሰዎች ማለዳ ፀሐይዋን ፊት ለፊት እያዩ በጀልባ ይወጣሉ፤ ተራራው ከጀርባቸው ነው።

"ቁጥሩ የት ወደቀ?"

ፎቶውን ከፈትነው። ነጥቡ የብስ ላይ ነው፤ ቤቶችም አሉ። ግን መንደሩ ያለው በደሴቱ ምዕራብ ዳርቻ ነው፤ ተራራው በስተምሥራቁ ተገትሯል። እዚያ ማለዳ ፀሐይ የምትወጣው ከተራራው ጀርባ ነው።

"ሰማንያ ስምንትን ጨምሪ" አሉ ጋሽ አካለ ወልድ፤ ድምፃቸው የቢሮ ጊዜ ድምፅ ሆነ። ሰማንያ ስምንት እዚያው ደሴት ምሥራቅ ዳርቻ ላይ ነበር የወደቀው፤ ቆጣሪው ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ባሕሩ ቀይ እንደሚሆን ጽፏል። "ተቀያይረዋል። አንዱ የሌላውን ርስት ይዟል።"

ሁለቱን ቁጥሮች አቀያየርናቸው። ተራራው፣ ባሕሩ፣ ፀሐይዋ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ኮምፒውተሩ ሁለቱም የብስ ላይ ስለሆኑ አንዲት ቃል አልተነፈሰም ነበር፤ እኔም ብሆን አልተነፍስም ነበር። የእርዳታ ጀልባ ተልኮ ቢሆን በተራራ ተለይቶ ማዶ ነበር የሚደርሰው። የታጠፈውን ጋቢ ዘርግቼ ጀርባቸው ላይ ጣልኩላቸውና "ጋሼ፣ የትም አይሄዱም" አልኳቸው።

ሐሙስን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ለሦስት ሠራን። ሰገነት ታነባለች፣ ጋሽ አካለ ወልድ ያዋስናሉ፣ እኔ እለካለሁ። እንደ ሰማንያ ሰባት ያለ ሌላ ዘጠኝ አወጣን። ዓርብ ጠዋት የቀረችው ቁጥር ሁለት መቶ ሦስት ብቻ ነበረች፤ አንዲት መንደር ብቻዋን የተቀመጠችባት የእፍኝ ያህል ደሴት። ቆጣሪው ምንም አልጻፈላትም። በአራቱም አቅጣጫ ባሕር ነው።

"ነጥቡ ጣሪያዎቹ ላይ ነው፣ በአካባቢው ሌላ ደሴት የለም። ትክክል ልበላት አባባ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው" አለች ሰገነት።

"አዋሳኝ የሌለው መሬት እኮ ምስክር የለውም" አሉ። ጣሪያዎቹን ቆጠሩ፤ አሥራ አራት ናቸው። በአሸዋው ላይ የተሳቡትን ጀልባዎችም ቆጠሩ። ከዚያ በደብተሩ ላይ አራት ጊዜ "ባሕር" ብለው ጻፉና ከሥሩ "ምስክር፣ አካለ ወልድ፣ ከቢቸና" ብለው ፈረሙ። "በይ ላኪው።" እኩለ ቀን ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ላከችው።

እሳቸው ቅዳሜ መነጽራቸውን ተቀብለው ወደ ቢቸና ሄዱ። መልሱ የመጣው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ሰገነት ግቢውን በጩኸት አናጋችው፤ እናቴ እሳት የተነሣ መስሏት ባልዲ ይዛ ወጣች። ሥራውን አግኝታለች። ድርጅቱ የተቀያየሩትን መንደሮች ያገኘ ሌላ ተፈታኝ እንደሌለ ጽፎ፣ በምን ፕሮግራም እንዳገኘቻቸው ጠይቋታል። "በአባቴ" ብላ መለሰች። የደብተሩን ገጾች ፎቶ አንሥታ እንድትልክላቸው ለመኗት።

ገጾቹን ያነሣኋቸው እኔ ነኝ። የመጨረሻውን አንሥቼ ደብተሩን ልዘጋ ስል፣ ከጀርባው በኩል በመጀመሪያው ቅጠል ላይ ሌላ ጽሑፍ አየሁ። ቀኑ ሰኞ ነው፤ ደብተሩ የተገዛበት ቀን፣ አንድም መንደር ገና ሳይጻፍበት። በዚያ በተስተካከለ የመዝገብ ቤት እጃቸው እንዲህ ይላል።

"ባለይዞታ፣ ሰገነት አካለ ወልድ፣ ሞጣ። በምሥራቅ የጀዋሂር ክፍል፣ በምዕራብ የልብስ ሰፊው አጥር፣ በሰሜን የወይዘሮ ዘሚራ ሱቅ፣ በደቡብ ወደ ቢቸና የሚወስደው መንገድ።"

ለሰገነት ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፣ ከዚያ አልጋው ላይ ተቀምጣ እንደገና አነበበችው። "አንድ ቀን እንኳ ቅሪ አላሉኝም እኮ" አለችና አለቀሰች። እኔም ስሜን በመዝገባቸው ውስጥ፣ ያውም በምሥራቅ በኩል ስላገኘሁት አብሬያት አለቀስኩ። ከአልጋው ሥር ያለውን ሻንጣ ጎትተን አውጥተን ልብሷን ወደ ቦታው መለስን።

አሁን የሚገርመኝ የደቡቡ አዋሳኝ ነው። ያ መንገድ ቢቸና ላይ እንደማያልቅ፣ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ እንደሚገባ ሞጣ ውስጥ ሕፃን ልጅ ያውቃል። በሃያ ሰባት ዓመት ሥራቸው አንድ መንገድ አሳጥረው መዝግበው የማያውቁት ሰው፣ ይሄኛውን ቢቸና ላይ አቁመውታል።