ለኮምፒውተር ሊቀመንበር የመረጥን ዕለት

ያን ዕለት ጠዋት ልጄ ሲያተኩሰው አድሮ፣ ጤና ጣቢያ አድርሼ፣ ለእናቱ ትቼው፣ እህል ሳልቀምስ በሩጫ ቢሮ ገባሁ... የኮምፒውተር ፈተና ነበረብን።

ጊዜው የደርግ ማብቂያ ነው። ባሕር ዳር ላለው መሥሪያ ቤታችን ሦስት ኮምፒውተርና አንድ አስተማሪ ከአዲስ አበባ ተልኮ ነበር። ያለፈ እዚሁ ይቀራል። የወደቀ መተከል ይዛወራል። እኔ ደግሞ፦ አንድ፣ ልጄ ታሟል። ሁለት፣ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት። ሦስት፣ የመተከልን ወባ ቀምሼዋለሁ።

አስተማሪው ከፈተናው በፊት ትምህርቱን ከለሰልን።

«ኮምፒውተሮች በሁለት መንገድ ይገናኛሉ። አንዱ አገልጋይና ደንበኛ ነው፤ እንደ ቀበሌ ሱቅ። ዕቃው አንድ ቦታ ነው፤ ሌላው ሄዶ ይጠይቃል፣ ሱቁ ይሰጣል። ሱቁ ከተዘጋ ሁላችሁም ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ። ሁለተኛው አቻ ለአቻ ነው፤ እንደ ጎረቤት። አንዱ ጨው ይሰጣል፣ አንዱ በርበሬ። አንድ ቤት ቢዘጋ ሌላው አለ።»

ካድሬያችን ከኋላ ተቀምጧል። ኮምፒውተሩን ብርድ እንዳይመታው ብሎ ጋቢ ያለበሰ ሰው ነው፤ ዕውቀቱ እዚህ ድረስ ነው።

«የሁለተኛው ሊቀመንበር ማነው?» አለ።

«የለውም ጓድ። እኩል ናቸው።»

«የለውም?!»

አስተማሪው ጠመኔውን አስቀመጠ።

«አንተ የመጋዘኑ! ተነሥ፣ ሁለተኛውን አስረዳ!» አለኝ ካድሬው።

አለው ብል አስተማሪው ይጥለኛል። የለውም ብል ይኸኛው...

«ጓድ፣ ከዘጌ እንጨት ጭነው እንደሚመጡት ታንኳ ቀዛፊዎች ነው። አንዱ የሌላውን መልእክት ያደርሳል...»

«መሪያቸውስ?»

«ሁሉም ራሱን ይመራል» አልሁ። ምላሴን በቆረጠው!

«ሥርዓት አልበኛ! ወድቀሃል! በል መተከል ሄደህ ራስህን ምራ!»

ይኸም አልበቃውም። «አሁኑኑ ምርጫ ይካሄድ!» አለና ጋቢ የለበሰውን፣ ከሁሉ ግዙፉን ኮምፒውተር ጠቆመ። አስተማሪው ገና በመጣ ዕለት «ይህ ሲሞቅ ይጠፋል፤ የያዘውንም ይረሳል» ያለን እሱን ነው። ሁላችንም እናውቃለን። ሁላችንም እጃችንን አወጣን። አስተማሪውም አወጣ! በሙሉ ድምፅ አለፈ... አጨበጨብን።

«እንግዲህ ሥራው ሁሉ ወደ ሊቀመንበሩ ይግባ፣ ከሌሎቹ ይደምሰስ!» ተባለ። የፈተናው ውጤት ገባ። የዝውውር ደብዳቤዬ ገባ። የሥልጠናው አበል መክፈያም ገባ። ጸሐፊዋ ዓይኔን ላለማየት አቀርቅራ ነበር የምትጽፈው።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ አልነሣ አለ። ካድሬው ጋቢውን ገለጠ፣ መልሶ አለበሰ፣ ጎኑን መታ መታ አደረገ።

«ጓድ፣ ለበላይ አካል እንጻፍ?» አለች ጸሐፊዋ።

«ምን ብለሽ?»

«ሊቀመንበሩ ሞተ ብዬ...»

«ዝም በይ! ማን ሊፈርምበት ነው?»

እሱ አይፈርም፤ የመረጠው እሱ ነው። እኛም አንፈርም፤ ያጨበጨብን እኛ ነን። ያልተጻፈ ደግሞ አልሆነም። ማን እንደወደቀ የጠየቀም የለ።

እኔም መተከል ሳልሄድ ቀረሁ። ልጁ ዳነ፣ ሚስቴ በሰላም ተገላገለች።

የሥልጠናው አበል ግን እስከ ዛሬ አልተከፈለም።