የቆርቆሮ ክንፍ

የልጅ ልጄ ከውኃ ጠርሙስ የሠራችውን ሮኬት ስታስወነጭፍ እንድመለከትላት ወደ ግቢ ጠራችኝ። ወገቤን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ወገቤስ ደኅና ነበር፤ የሚያመኝ ሌላ ነገር ነው።

ደብረ ብርሃን የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አንድ የውጭ አገር የሳይንስ መምህር ነበረን። ካገሩ ያስመጣውን ተገጣጣሚ ሮኬት፣ የወረቀት ቱቦውን ከነስስ የእንጨት ክንፉ፣ ለእኔና ለጓደኛዬ ለተፈራ ሰጠን። «እኔ ሳልኖር እንዳትተኩሱ» ብሎን ነበር። እኔ ግን ያኔ ከመምህሩም ከመጽሐፉም የበለጥኩ ይመስለኝ ነበር። እንጨቱ የደብረ ብርሃንን ነፋስ አይችልም ብዬ ከዘይት ቆርቆሮ ሌላ ክንፍ ቆርጬ ገጠምኩለት። ተፈራ በመዳፉ መዘነውና «ጅራቱ ከበደ እኮ» አለኝ።

«ፈሪ!» አልኩት።

የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት፣ አገሬው ለንግሥ ሲሄድ፣ ሁለታችን በአንኮበር መንገድ ወጣን። ውርጭ ያደረቀው ሣር ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ኪሳችን ሙሉ የገብስ ቆሎ ነበር። ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን ክር ለኮስኩ። ሮኬቱ የቤት ቁመት ያህል እንደ ወጣ ተገለበጠ፤ እያፏጨም አግድም በርሮ ከጅረቱ ማዶ ካለው የአቶ ደምሴ የገብስ ክምር ተሰካ። መጀመሪያ ጢሱ ቀጭን ነበር። ጅረቱን እንሻገር አንሻገር ስንል ነፋሱ አነደደው። ሮጥን፤ ወደ እሳቱ ሳይሆን ወደ ከተማ።

ያኔ እንዲህ ያለ ጥፋት ሲደርስ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። ጥፋተኛው እስኪታወቅ የአካባቢው አባወራ ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ሥራ የለም። በሦስተኛው ቀን የአቶ ደምሴ ጎረቤት የጋሼ ወንድሙ ስም ወጣ። ከአቶ ደምሴ ጋር በድንበር ተጣልተው «ይህን ገብስ አትበላውም!» ማለታቸውን ሰው ሰምቷል። በዚያ ላይ የንግሡ ዕለት አሞኛል ብለው ቤት ቀርተዋል።

ተፈራ እያለቀሰ መጣ። «እንናገር፤ ሰውዬው ባልሠሩት ሊጠፉ ነው።»

«ማን አየን? ከትምህርት ቤት ብንባረር አባትህ ቤት ያስገቡሃል?»

ዝም አለ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ የእኛ ዝምታ የሰው ጥማድ በሬ በላ። ጋሼ ወንድሙ በሬዎቻቸውን ለካሳ ሰጥተው የሰው መሬት አራሽ ሆኑ።

ተፈራ በወጣትነቱ ሞተ። እኔ ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ ስኳር ይዤ ጋሼ ወንድሙ ቤት ሄድኩ። እሳቸውም አልፈዋል። ለባለቤታቸው ለእትዬ ብርነሽ አንድም ሳልደብቅ ተናገርኩ። እርግማን ነበር የጠበቅኩት። ያመጣሁትን ስኳር ወደ ጎን ገፋ አደረጉና፣

«ሊሞት ሲያጣጥር እንኳ አልተውኩትም» አሉ። «ክምሩን ያቃጠልክበትን ለነፍስ አባትህ ተናገር እያልኩ ነዘነዝኩት። አላቃጠልኩም እንዳለ ሞተ። እኔ ሚስቱ አላመንኩትም። አሁን ማንን ይቅርታ ልጠይቅ ልጄ?»

ሸክሜን ላራግፍ ሄጄ እሳቸው ላይ ጭኜው ተመለስኩ። ከቤታቸው ወጥቼ ቁልቁለቱን ስወርድ ግን ቀልሎኝ ነበር። ከሠራሁት ሁሉ ዛሬም አብልጦ የሚያሳፍረኝ ያ መቅለሌ ነው።